የቴኳንዶ መሠረታዊ አቋቋሞችን ቤት ውስጥ በልክ መለማመድ፤ እያንዳንዱ ቀበቶ የሚጠይቀውም አቋቋም

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ ቴኳንዶ ሳሠለጥን ሰልጣኞችና ወላጆች ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግመው ያነሡልኛል። አንደኛው «ስልጠና በሌለበት ቀን ቤት ውስጥ ምን እንሥራ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «የሚቀጥለው ቀበቶ መቼ ነው?» የሚል ነው። የሁለቱም መልስ እግር ላይ ነው። ፈታኝ ከእጅ በፊት እግርን ያያል፤ አቋቋም ካልተስተካከለ ቡጢም ሆነ መከላከያ የሚነሣበት መሠረት አያገኝም። ደግነቱ ከስልጠናው ሁሉ ያለ ጓደኛ፣ ያለ ውድ መሣሪያና በጠባብ ቦታ ሊለመድ የሚችለው ይኸው አቋቋም ነው።

መመሪያው የተጻፈው በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይቲኤፍ) ልክ ነው። ክለባችሁ የወርልድ ቴኳንዶን ሥርዓት የሚከተል ከሆነ የአቋቋሞቹ ስም፣ ርዝመትና የክብደት ክፍፍል ስለሚለያይ፣ የመለካት ዘዴውን ብቻ ወስዳችሁ ልኩን ከአሠልጣኛችሁ ጠይቁ። ሁለቱን ደባልቆ የለመደ ሰልጣኝ በሁለቱም ፈተና ይቸገራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሦስት ሜትር ያህል ሲባጎ
- የልብስ ሰፊ ሜትር
- ጠመኔ (ከሌለ ከሰል)
- አንድ ከባድ ብሎን፣ ለቱንቢ የሚሆን
- ጉልበት የማይዝ ሰፊ ሱሪ ወይም ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ)
- ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክና ስልኩን የሚያቆም ነገር
- ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ደልዳላ ወለል

ስለ ወለሉ ጥቂት ልጨምር፤ እኛ ሰፈር ትልቁ ችግር እሱ ነውና። በብሎኮች መካከል ያለው ኮብልስቶን ለአቋቋም ልምምድ አይሆንም፤ ድንጋዮቹ እኩል ስላልሆኑ ቁርጭምጭሚት ሳታስቡት ይዞራል፣ የተሳሳተውን ማዕዘንም እግራችሁ ይለምደዋል። ዋልካው ሜዳ በክረምት ይጣበቃል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። የተሻለው ልስን ሲሚንቶ ያለበት በረንዳ ወይም የጋራ መጠቀሚያው ቤት ደጃፍ ነው። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ክፍላችሁ ውስጥ ብትሠሩ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን እግራችሁን አትምቱ፣ አትዝለሉም፤ የላይኛው ወለል ለታችኛው ጎረቤት ጣሪያው ነው። ሴራሚክ ላይ በካልሲ መቆም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ባዶ እግር ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ

ጉልበታችሁ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ወዲያውኑ አቁሙ። የጭን ጡንቻ ማቃጠልና መንቀጥቀጥ የሚጠበቅ ነው፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ውጋት ግን የጉልበትና የእግር ጣት አቅጣጫ መለያየቱን ወይም ጉዳት መኖሩን ያመለክታል። ሕመሙ በዕረፍት ካልለቀቀ ወደ ሐኪም ሂዱ እንጂ በዘይት አሽታችሁ አትቀጥሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። ከቆላ በቅርቡ የመጣችሁ ሰልጣኞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ስለሚያጥራችሁ የእያንዳንዱን ልምምድ ጊዜ በግማሽ ቀንሱት።

ደረጃ 1፦ ሰውነትን ማሟሟቅ

አሥር ደቂቃ በቦታችሁ ሶምሶማ ሩጡ፣ ቁርጭምጭሚትን፣ ጉልበትንና ዳሌን በየተራ አዙሩ። ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳው በጣም ስለሚቀዘቅዝ አሥራ አምስት ደቂቃ አድርጉት። ያልሞቀ ጡንቻ በቀላሉ ይሳሳባል፤ በተለይ የኋላውን እግር ቀጥ የሚያደርገው አቋቋም ባትን በኃይል ይስባል።

ደረጃ 2፦ የራሳችሁን ልክ በሲባጎ ማውጣት

በአይቲኤፍ የአቋቋሞች ርዝመትና ስፋት የሚሰላው በሠሪው ትከሻ ስፋት ነው። ስለዚህ የታላቅ ወንድማችሁ ልክ ለእናንተ አይሆንም።

ግድግዳ ተደግፋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ከአንዱ ትከሻ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ከሲባጎው ጫፍ ጀምራችሁ በዚያ ርቀት ላይ አንድ ቋጠሮ አስሩ። ከዚያ የትከሻውን ግማሽ ጨምራችሁ ሁለተኛ ቋጠሮ አስሩ። ለምሳሌ ትከሻችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ቋጠሮ 40 ላይ፣ ሁለተኛው 60 ላይ ይሆናል። «አንድ ትከሻ» እና «አንድ ተኩል ትከሻ» የሚሉት ሁለት ልኮች ከዚህ በኋላ በእጃችሁ አሉ። ከተረፈው ሲባጎ አንድ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጫፉ ላይ ብሎኑን አንጠልጥሉ፤ ግንበኛ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን እንደሚያረጋግጥበት ቱንቢ ጉልበታችሁ በትክክል የት ላይ እንደወደቀ ያሳያችኋል።

ደረጃ 3፦ ወለሉ ላይ መስመር ማስመር

በጠመኔ ሁለት ሜትር የሚረዝም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከጎኑ አንድ ትከሻ ርቃችሁ ሁለተኛ ትይዩ መስመር ጨምሩ። በሁለቱም ላይ አንድ ተኩል ትከሻ እያራራቃችሁ አጭር አግድም ምልክት አድርጉ። ዓይን ርቀትን ያሳስታል፤ በተለይ ሰው ሲደክም አቋቋሙ እያጠረ መሄዱን ራሱ አያውቀውም። መስመሩ ግን ያሳውቀዋል።

ደረጃ 4፦ ቻሪዮት ሶጊ እና ናራኒ ሶጊ

«ሶጊ» ማለት አቋቋም ነው። በቻሪዮት ሶጊ ተረከዞቻችሁን አጋጥማችሁ ጣቶቻችሁን 45 ዲግሪ ያህል ክፈቱ። በናራኒ ሶጊ ሁለቱን እግሮች በሁለቱ መስመሮች ላይ አድርጋችሁ ጣቶቹን በትክክል ወደፊት አዙሩ፤ ስፋቱ አንድ ትከሻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋር እንደ ዳክዬ ጣቱን ወደ ውጭ ይለቃል። አሁን ካላረማችሁት በሁሉም አቋቋም ይከተላችኋል።

ደረጃ 5፦ አኑን ሶጊ

ይህ ወደ ጎን ተከፍተው፣ ጉልበት አጥፈው የሚቆሙት አቋቋም ነው። በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል አንድ ተኩል ትከሻ ይኑር፤ ጣቶች ወደፊት ይመልከቱ፤ ክብደታችሁ በሁለቱም እግር እኩል ይከፈል። ጉልበታችሁን እጠፉና ቱንቢውን ከጉልበት ቆባችሁ ፊት ልቀቁት። ብሎኑ ከጣቶች ሥር ባለው ወፍራም የውስጥ እግር ትይዩ መውደቅ አለበት። ተረከዝ አካባቢ ከወደቀ በበቂ አልታጠፋችሁም፤ ጣቶቹን ካለፈ ደግሞ ክብደታችሁ ወደፊት ተንሸራትቶ ጉልበታችሁን እየጫነው ነው።

በመጀመሪያ ሃያ ሰከንድ ቆይታችሁ ዕረፉ፤ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሲቀላችሁ በየሳምንቱ አሥር ሰከንድ ጨምሩ። የአኑን ሶጊ ጥቅሙ ጭንን ማጠንከሩ ብቻ አይደለም፤ ጉልበትን ከጣት አቅጣጫ ጋር ማስተካከልን ከሁሉም አቋቋም በተሻለ የሚያስተምር በመሆኑ፣ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ የሚሰበርባቸውን ልጆች ከሌላው በፊት በዚህ እጀምራቸዋለሁ።

ደረጃ 6፦ ጉኑን ሶጊ

ጊዜያችሁን ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ አውሉ። ከነጭ ቀበቶ ጀምሮ የሚጠየቅ አቋቋም ሲሆን፣ በፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሀ. ናራኒ ሶጊ ላይ ቁሙና አንዱን እግር በራሱ መስመር ላይ ወደፊት ውሰዱ። ከአውራ ጣት እስከ አውራ ጣት ያለው ርዝመት አንድ ተኩል ትከሻ፣ በሁለቱ እግሮች መሐል ያለው ስፋት አንድ ትከሻ ይሁን። ስፋቱን አትርሱ። አብዛኛው ሰው ርዝመቱን ብቻ ጠብቆ የፊተኛውን እግር ከኋለኛው ፊት ለፊት ይተክለዋል፤ ያኔ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ስለሚቆም ከጎን በጣት ቢገፋ ይወድቃል።

ለ. የፊተኛውን ጉልበት እጠፉ። ቱንቢው ከጉልበት ቆባችሁ ወርዶ በዚያው እግር ተረከዝ ትይዩ መውደቅ አለበት። ጣቶቹ ጋ ከወደቀ ከልክ በላይ ታጥፋችኋል፤ ከዚያ ሁኔታ ወደፊት ለመራመድ ክብደታችሁን መጀመሪያ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚኖርባችሁ ትዘገያላችሁ።

ሐ. የኋለኛውን እግር ሙሉ በሙሉ ቀጥ አድርጉ፤ ተረከዙ ከመሬት አይነሣ። ቡጢ ስትሰነዝሩ ኃይሉን የሚደግፈው ይህ እግር ስለሆነ ተረከዙ ከተነሣ ግፊቱ ወደ መሬት የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል።

መ. የፊተኛው እግር ጣቶች ወደፊት፣ የኋለኛው እግር ጣቶች 25 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ይሁኑ። ከዚያ በላይ ከተከፈተ ዳሌ አብሮ ይዞራል፣ የኋለኛው ጉልበትም ከኋላ ለሚመጣ ምት ይጋለጣል።

ሠ. ክብደታችሁ 50 በ50 መከፈሉን ፈትሹ። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ሰውነታችሁን ሳታዘነብሉ ከሁለቱ እግሮች አንዱን ለማንሣት ሞክሩ። አንዱ በቀላሉ ከተነሣ ክብደቱ ወደ ሌላው አጋድሏል ማለት ነው።

አቋቋሙ የሚጠራው በታጠፈው የፊተኛ እግር ነው። ቀኝ እግር ከፊት ሲሆን የቀኝ ጉኑን ሶጊ ይባላል።

ደረጃ 7፦ ኒኡንጃ ሶጊ

እዚህ ጋር ከጉኑን ሶጊ የለመዳችሁት ሁሉ ይገለበጣል፤ ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰውነት በሙሉ ፊት ሳይሆን በጎን ይቆማል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስሙም የሚወሰደው ከኋለኛው እግር ነው። ቀኝ እግር ከኋላ ከሆነ የቀኝ ኒኡንጃ ሶጊ ነው።

ሀ. አንድ መስመር ብቻ ተጠቀሙ። የኋለኛውን እግር መስመሩን አቋርጦ ወደ ጎን እንዲያይ፣ የፊተኛውን ደግሞ መስመሩን ተከትሎ ወደፊት እንዲያይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከኋለኛው እግር ውጫዊ ጠርዝ እስከ ፊተኛው እግር ጣቶች ጫፍ አንድ ተኩል ትከሻ ይሁን። እዚህ ላይ የእግሩ ርዝመት በልኩ ውስጥ ስለሚገባ አቋቋሙ ከጉኑን ሶጊ አጠር ብሎ ይታያል፤ ያጠረባችሁ መስሏችሁ አትዘርጉት።

ለ. የሁለቱንም እግሮች ጣቶች 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ መልሱ።

ሐ. የኋለኛውን ጉልበት እጠፉ፤ ቱንቢው በዚያው እግር ጣቶች ትይዩ ይውደቅ። የፊተኛውንም በመጠኑ እጠፉ እንጂ ገትራችሁ አታስቀምጡት። የተገተረ የፊት ጉልበት በእርግጫ ሲመታ የሚተጣጠፍበት ቦታ ስለሌለው በቀላሉ ይጎዳል።

መ. ክብደቱን ሰባ ከመቶ ከኋላ፣ ሠላሳ ከመቶ ከፊት አድርጉ። በትክክል ከቆማችሁ የፊተኛውን እግር ሰውነታችሁ ሳይነቃነቅ ማንሣት ትችላላችሁ። የዚህ አቋቋም ዓላማውም ይኸው ነው፤ እየተከላከላችሁ የፊቱ እግር ወዲያው ለእርግጫ ዝግጁ ይሆናል።

በዚህ አቋቋም ላይ መቀመጫ ወደ ኋላ መውጣቱ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ስልኩን በጎናችሁ አቁማችሁ ቅረጹና ጀርባችሁ ቀጥ ማለቱን ተመልከቱ።

ደረጃ 8፦ ከአቋቋም ወደ አቋቋም መሄድ

ቆሞ መስተካከል ግማሹ ሥራ ነው። በጉኑን ሶጊ መስመራችሁ ላይ ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ሦስት ወደ ኋላ ሂዱ። ስትነሡ ሰውነታችሁ በጥቂቱ ይውረድ፣ በመሐል ይነሣ፣ እግር ሲያርፍ ደግሞ ይውረድ፤ አይቲኤፍ ከሰልጣኞቹ የሚጠብቀው እንቅስቃሴ ይህ ነው። እያንዳንዱን እርምጃ ካረፋችሁ በኋላ አቁሙና ምልክቶቹን ተመልከቱ። በእግራችሁ ወለሉን አትጥረጉ፤ አትዝለሉም። ልክ ሳይጠብቁ በፍጥነት መራመድ ስሕተቱን ማጠንከር ብቻ ስለሆነ ፍጥነቱን የምትጨምሩት ሦስቱም እርምጃዎች ምልክቱ ላይ ማረፍ ሲጀምሩ ነው። በኒኡንጃ ሶጊም እንዲሁ ድገሙት።

ደረጃ 9፦ የነፃ ፍልሚያ አቋቋም

ወጣቶቹ መጀመር የሚፈልጉት ከዚህ ነው፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሁት ከላይ ያሉትን ያልለመደ ሰው እዚህ ክብደቱ የት እንዳለ ስለማያውቅ ነው። በጎን ቁሙ፣ እግራችሁን ከትከሻ ትንሽ አስፉ፣ ሁለቱንም ጉልበት ለስለስ አድርጋችሁ እጠፉ። ክብደቱ ለሁለቱ እግሮች በእኩል ይከፈልና በእግር ፊተኛ ክፍል ላይ ይረፍ፤ የኋለኛው ተረከዝ በትንሹ ሊነሣ ይችላል። እጆች ከፍ ብለው ፊትንና ጎንን ይጠብቁ፣ አገጭ ዝቅ ይበል። እግሮቻችሁ ፍጹም በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ለማዞሪያ እርግጫ ዳሌ መክፈት ያስቸግራችኋል፤ ጥቂት አራርቋቸው። በምትንቀሳቀሱበት ጊዜ እግር ከእግር አታቋርጡ፤ እግሮቹ በተጠላለፉባት ቅጽበት ብትመቱ ሚዛናችሁን መያዝ አትችሉም።

የቀበቶዎቹ ትርጉምና የሚጠይቁት አቋቋም

ከጥቁር በታች ያሉት ደረጃዎች ጉፕ ይባላሉ፤ ከ10ኛ ጉፕ ተነሥተው ወደ 1ኛ ጉፕ ይቆጠራሉ። ከጥቁር በኋላ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 9ኛ ዳን ወደ ላይ ይሄዳል። ጫፉ ላይ የሚቀጥለው ቀለም የተሰፋበት ቀበቶ የመሸጋገሪያ ደረጃ ነው።

ነጭ ንጽሕናን ያመለክታል፤ ገና ምንም ያልተማረ ጀማሪ ማለት ነው። የሚጠየቀው ናራኒ ሶጊና ጉኑን ሶጊ ነው። ቢጫ ተክል ሥር የሚሰድባትን መሬት ያመለክታል። ቢጫ ጫፍ ያለው ሰልጣኝ 19 እንቅስቃሴ ያለውን ቾንጂ የተባለ ቱል (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴዎች ስብስብ)፣ ሙሉ ቢጫው ደግሞ 21 እንቅስቃሴ ያለውን ዳንጉን ይማራል፤ ሁለቱም የሚሠሩት በጉኑንና በኒኡንጃ ሶጊ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለት አቋቋሞች ያልተተከሉለት ልጅ ቢጫ ቢታጠቅ ቀለሙ ሥር የለውም፤ ወላጆች «ለምን ዘገየ?» ስትሉኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

አረንጓዴ የተክሉን ማደግ ያመለክታል። ወደ እሱ በሚያሸጋግረው በአረንጓዴ ጫፍ የሚሠራው ዶሳን መጨረሻው ላይ አኑን ሶጊን ያስገባል፤ በአረንጓዴ የሚሠራው ወንሂዮ ደግሞ በአንድ እግር መቆምን ይጠይቃል። ሰማያዊ ተክሉ ዛፍ ሆኖ የሚያድግበት ሰማይ ነው፤ በዚህ ደረጃ ያለው ጁንግጉን ክብደትን ከሞላ ጎደል በኋላ እግር ላይ የሚጥል አቋቋም ይዞ ይመጣል። ቀይ አደጋን ያመለክታል፤ ሰልጣኙ ራሱን እንዲቆጣጠር፣ ባላጋራውም እንዲርቅ ያስጠነቅቃል። ጥቁር የነጭ ተቃራኒ ነው፤ ብስለትን፣ ጨለማንና ፍርሃትን አለመፍራትን ያሳያል።

ቀበቶውን ስታስሩ በአይቲኤፍ ወገብን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። መሐሉን ጀርባችሁ ላይ አድርጉና ሁለቱን ጫፎች ወደፊት አምጡ፤ እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። ቀኙን በግራው ላይ አሳልፋችሁ በሥር በኩል ወደ ላይ አውጡት፣ አጥብቁ። ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ አሳልፋችሁ ቋጩ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከቋጠራችሁ ቋጠሮው ይቆማል፤ በመሐል ፈተናም ይፈታል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- ወደ ታች እያዩ መሥራት። አንገት ሲያዘነብል ጀርባ ይጎብጣል፣ ክብደትም ወደፊት ይሄዳል። ካረፋችሁ በኋላ ተመልከቱ፤ በእንቅስቃሴ ላይ ግን ዓይን ወደፊት ይሁን።
- የማይመቸውን ጎን መተው። ቀኝ የሚቀናው ሰው ግራውን አስቀድሞ ይሥራ፤ ቱሎቹ ሁለቱንም ጎን ይጠይቃሉ።
- ትንፋሽ መያዝ። በተለይ አኑን ሶጊ ላይ ሲንቀጠቀጡ ትንፋሽ ይታፈናል፤ በአፍንጫ እያስገባችሁ በቀስታ አስወጡ።
- ዝቅ ማለትን ከጥንካሬ መቁጠር። ከልክ በታች የወረደ አቋቋም ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ነገር ግን ጉልበትን ይጎዳል፣ ፈታኝም እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል።
- በአሮጌ ልክ መቀጠል። በዕድገት ላይ ያሉ ልጆች ትከሻቸው ስለሚሰፋ ከእያንዳንዱ የቀበቶ ፈተና በፊት እንደገና ይለኩና በሲባጎው ላይ ያሉት ቋጠሮዎች በአዲሱ ልክ ይታሰሩ።